በፈረስ ውርርድ ሦስት ቲኬት ብቻ የቆረጠው ነው ያሸነፈው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምንኖር ስድስት ጓደኛሞች ነን። ከሥራ ውጪ የሚያገናኘን የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ቅዳሜ ሲመቸን ሎረል ፓርክ እንሄዳለን፣ ካልሆነም አንዳችን ቤት ቡና እየተፈላ በቴሌቪዥን እናያለን። በመካከላችን ገንዘብ የለም። ሁሉም የመረጠውን ፈረስና የመደበውን ዶላር በወረቀት ይሰጠኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስንጀምር የተስማማነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አር.ኦ.አይ.፣ ማለትም ከመደበው ገንዘብ በመቶኛ ሲሰላ ያገኘው ትርፍ፣ የበለጠው ያሸንፋል፣ ሌሎቻችን ክትፎ እንጋብዘዋለን። አሁን ሲያልቅ ግን አራት ሰው ‹እኔ ነኝ› አለ። አንዱ 40 ጊዜ ቲኬት ቆርጦ 17 ጊዜ አሸንፏል። ሁለተኛው 110 ዶላር መድቦ 31 ዶላር አትርፏል፣ ከሁላችንም ብዙ ዶላር ያተረፈው እሱ ነው። ሦስተኛው 40 ጊዜ ሁለት ሁለት ዶላር መድቦ 6.40 አተረፈ። አራተኛው ሦስት ጊዜ ብቻ ቆርጦ በ6 ዶላር 4.60 አተረፈና ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በስሌት የሚበልጠው እሱ ነው። ሌሎቹ ግን ‹ሳይጫወት እንዴት ያሸንፋል?› ይላሉ። ሁለት ሳምንት ሆነን፣ መኳረፍ ሁሉ ተጀምሯል። እባካችሁ ፍረዱን። ስማችንን ግን አታውጡ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩን ከነዝርዝሩ ስለላክልኝ አመሰግናለሁ፤ ያለሱ መፍረድ አይቻልም ነበር። ስም አታውጡ ስላልክ ጓደኞችህን በፈረስ መልክ ሰየምኳቸው። እኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ ክብሩ ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ተብለው የለ። እናም 17 ጊዜ ያሸነፈው ጉራች ይሁን። ብዙ ዶላር ያተረፈው አምባላይ። አርባ ጊዜ ቆርጦ 6.40 ያተረፈው ዳማ። ሦስት ጊዜ ቆርጦ የተቀመጠው ቦራ።

ፍርዱን ላስቀድም። ክትፎው የቦራ ነው። ስትጀምሩ የተስማማችሁበት ሕግ «አር.ኦ.አይ. የበለጠው» ነው የሚለው፣ ስንት ጊዜ መቆረጥ እንዳለበት አንድም ቃል የለውም። ሩጫው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሕግ አይጨመርም። ግን ከአራቱ ፈረስ የሚያውቀው ማነው ብትለኝ የምሰጥህ ስም ሌላ ነው፤ ዳማ። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ለሚቀጥለው ፉክክር ሕግ ስታወጡ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ከስሌቱ እንጀምር። የተከፈለህን ሁሉ ደምር፣ የመደብከውን ሁሉ ቀንስበት፣ ቀሪውን ለመደብከው አካፍለህ በ100 አባዛ። በቃ። ዳማ 80 ዶላር መድቦ 86.40 ተመለሰለት፤ ትርፉ 8 በመቶ ነው። ቦራ በ6 ዶላር 10.60 ስላገኘ ወደ 77 በመቶ ይጠጋል። አምባላይ 110 መድቦ 141 አገኘ፣ 28 በመቶ። ጉራች 80 መድቦ የተመለሰለት 71.40 ነው፤ ከየ100 ዶላሩ ወደ 11 ዶላር ከስሯል።

ጉራች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚናደደው እሱ ይመስለኛል። ንዴቱ ይገባኛል። በአሜሪካ ሜዳዎች ብዙ ገንዘብ የተጣለበት ፈረስ፣ ፋቮሪት የሚባለው፣ ከሦስት ሩጫ አንዱን ገደማ ያሸንፋል። ጉራች በ40 ሩጫ 17 ጊዜ መትቷል፣ ከዚያ ይበልጣል። ዓይኑ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ያሸነፉለት ፈረሶች በአማካይ ለ2 ዶላር የከፈሉት 4.20 ብቻ መሆኑ ነው። ከ40 ውስጥ 17 ለሚመታ ሰው ገንዘቡ ሳይጎድል እንዲመለስለት ክፍያው 4.71 ገደማ መሆን ነበረበት። እሱ የመረጣቸውን ፈረሶች ሌላውም ሰው ሁሉ ስለመረጣቸው ክፍያቸው ወረደ።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳይ አንድ ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሴክሬታሪያት የሚባል ፈረስ ቤልሞንት ስቴክስ የሚባለውን ሩጫ በ31 የፈረስ ርዝመት ርቆ አሸነፈ። እስከ ዛሬ ድረስ የሚወራለት ሩጫ ነው። በ2 ዶላር የተከፈለው ግን 2.20 ነው። ከዚያ የበለጠ የተረጋገጠ ፈረስ የት ይገኛል? ያም ሆኖ አር.ኦ.አይ. 10 በመቶ ብቻ ነው። ከ5,600 በላይ ቲኬቶች ለክፍያ ሳይቀርቡ ቀሩ፤ ብዙ ሰው ከሃያ ሳንቲሙ ይልቅ ቲኬቱን ለማስታወሻ ማስቀመጥን መርጧል። በሌላው ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ኬንታኪ ደርቢ ላይ ሪች ስትራይክ አለ። ይህ ፈረስ ወደ ሩጫው የገባው ዋዜማው ላይ ሌላ ፈረስ ስለወጣ ነው። 80 ለ1 (ለ1 ዶላር 80 ዶላር ገደማ ትርፍ) ተሰጥቶት አሸነፈና ለ2 ዶላር 163.60 ከፈለ። አር.ኦ.አይ. 8,080 በመቶ ማለት ነው። «ስንት ጊዜ መታህ?» የሚለው ጥያቄ እነዚህን ሁለት ቲኬቶች እኩል ያደርጋቸዋል፤ አንድ አንድ ነጥብ። እኔ በበኩሌ የአር.ኦ.አይ. መለኪያ የምወደው ለዚህ ነው፤ ሌላው ሰው ያላየውን ያየ ሰው ዋጋ ያገኝበታል።

የዳማ 8 በመቶ ትንሽ መስሎ ከታየህ ደግሞ ይህን ስማ። በአሜሪካ ሜዳዎች ኦዱን፣ ማለትም እንደ 80 ለ1 ያለውን የክፍያ ልክ፣ የሚወስነው አንድ አወራራጅ ድርጅት አይደለም። የሁሉም ተወራራጅ ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ሜዳው ድርሻውን አስቀድሞ ያነሳል፣ የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ፓሪ ሙትዌል ይሉታል፤ በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። አንደኛ በሚወጣው ፈረስ ላይ ለሚቆረጥ ቲኬት በብዙ ሜዳዎች የሚነሳው ከ15 እስከ 18 በመቶ ነው። አንደኛና ሁለተኛውን በቅደም ተከተል ገምት በሚሉት ቲኬቶች ላይ ወደ 20 ይደርሳል፣ ሦስትና አራት ፈረስ ሲሆን ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ተወራራጁ ሁሉ በአንድነት ከየ100 ዶላሩ 17 ገደማ ይከስራል። ይህ መነሻው ነው። በእናንተ ፉክክር 5 በመቶ ከስሮ የጨረሰ ሰው ካለ ከሜዳው ሕዝብ በጣም በልጧል፣ ሊያፍር አይገባም። ዳማ ደግሞ በአርባ ቲኬት ሁለት ሁለት ዶላር እያደረገ 8 በመቶ ከላይ ወጣ። በእኔ ሚዛን ከአራቱ ጥሩውን ሥራ የሠራው እሱ ነው።

አምባላይስ? የአምባላይን ዝርዝር ሳይ አንድ ነገር አገኘሁ። አሥሩ ቲኬት ስድስት ስድስት ዶላር ነው፣ አሥራ አንደኛው 50 ዶላር። ሃምሳ ዶላሩን የጣለው ለ2 ዶላር 3.60 በከፈለ ፋቮሪት ላይ ነው፤ 90 ዶላር አመጣለት። በቀሩት አሥሩ 60 መድቦ 51 ነው የተመለሰለት። አሥራ አንዱንም ቲኬት ሁለት ሁለት ዶላር ቢያደርጋቸው ኖሮ 22 መድቦ 20.60 ያገኝ ነበር፤ ከ6 በመቶ በላይ ኪሳራ። ያተረፈው ፈረስ በመምረጥ አይደለም፣ በአንዲት ሩጫ ላይ ገንዘብ በመከመር ነው። እውነተኛ ገንዘብ ሲሆን የት ጋ ብዙ መጣል እንዳለብህ ማወቅ ራሱ ችሎታ ነው፣ አልክድም። በወረቀት ሲሆን ግን ሃምሳ ዶላር መጻፍና ሁለት ዶላር መጻፍ ለእጅ አንድ ነው። የማያስፈራ ነገር ላይ ድፍረት አይለካም።

የቦራን ነገር ብዙ አላብራራውም። መርቶ ሳለ ቆመ። ሕጉ ካልከለከለው የሚቆም ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፤ በፐርሰንት የሚመራ ሰው እያንዳንዱ ተጨማሪ ቲኬት ሊያወርደው ይችላል።

ላስ ቬጋስ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄድ ናሽናል ሆርስፕሌየርስ ቻምፒየንሺፕ የሚባል ትልቅ ውድድር አለ። እዚያም መደቡ እንደ እናንተ በወረቀት ነው። ሁሉም በእያንዳንዱ ምርጫ 2 ዶላር አንደኛ ለሚወጣ፣ 2 ዶላር ደግሞ ከሁለተኛ ላልወረደ ይመድባል። የምርጫው ብዛት ለሁሉም እኩል ነው። ይህ ሲሆን የሚገርም ነገር ይከሰታል፤ የእናንተ ጭቅጭቅ ራሱ ይጠፋል። ሁሉም እኩል ከመደበ በዶላር የበለጠውም በአር.ኦ.አይ. የበለጠውም አንድ ሰው ነው። ሌላም ሕግ አላቸው፣ ክፍያው ጣሪያ አለው። አንደኛ ለሚወጣው ቢበዛ 20 ለ1፣ ለሌላው 10 ለ1። ሪች ስትራይክን የመረጠ ሰው እዚያ ለአንደኛነቱ የሚታሰብለት 163.60 ሳይሆን 42 ዶላር ነው። አንድ ቀን የቀናው አንድ ፈረስ የሌላውን ሰው ልፋት እንዳይበላው ነው።

እኔ ብሆን ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ እላለሁ። መደቡ ለሁሉም 2 ዶላር ይሁን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆረጥባቸውን ስድስት ሩጫዎች ደብተር ያዡ፣ ማለትም አንተ፣ ጠዋት ለሁሉም ትልክላቸዋለህ፣ የቀረ ሰው 2 ዶላሩ እንደተበላ ይቆጠራል። ይህን የመጨረሻውን አትተዉት፣ የቦራን በር የሚዘጋው እሱ ነው። የመረጥከው ፈረስ ከሩጫው ከወጣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ፋቮሪቱ ይዛወራል የሚለውንም አስቀድማችሁ ጻፉት። እኔ ወደ ፋቮሪቱ ቢሄድ እመርጣለሁ፣ ቁጥሩ እኩል ሆኖ ይቆያልና። የክፍያ ጣሪያውን ተነጋገሩበት። ስድስት ሰው ብቻ ሆናችሁ የአንድ ትልቅ ፈረስ ደስታን መከልከል አያስፈልግም ትሉ ይሆናል፣ እሱም ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ከጓደኞቹ ጋር በወረቀት የፈረስ ፉክክር ይጫወታል። 30 ቲኬት ቆርጦ ሦስት ጊዜ መቶለት በ60 ዶላር 72 ዶላር ስላገኘ ‹20 በመቶ ነው፣ ባንክ ይህን አይከፍልም› ብሎ ካጠራቀምነው ላይ 5,000 ዶላር ሊያወጣ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው? ሰውዬው ቁጥር ስለሚወድ በቁጥር ካልሆነ አይሰማኝም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ከስሌቱ ተነስቶ የደረሰበት ቦታ ግን ትክክል አይደለም። ቁጥር ይወዳል ካልሽ እንግዲህ በቁጥር እንነጋገር።

ሦስቱ ፈረሶቹ በአማካይ 24 ዶላር ከፍለዋል። ከሦስቱ አንዱ በአፍንጫ ተቀድሞ ቢሆንስ? ሁለት ጊዜ 24፣ 48 ዶላር። በ60 ላይ 48 ማለት 20 በመቶ ኪሳራ ነው። በተቃራኒው ሁለተኛ ከወጡበት አንዱ ትንሽ ቀድሞ ቢሆን 96 ዶላር፣ 60 በመቶ ትርፍ። ተመልከቺ፣ ሰውየው ያው ሰው፣ እውቀቱ ያው እውቀት ነው፣ የአንድ ፈረስ አፍንጫ ብቻ ከትርፍ ወደ ኪሳራ ወሰደው። ሠላሳ ቲኬት ስለ ሰው ችሎታ የሚናገረው በጣም ትንሽ ነው፣ በተለይ ብዙ የሚከፍሉ ግን ከስንት አንዴ የሚመቱ ፈረሶችን ለሚመርጥ ሰው። ደብተሩን ይቀጥል። አምስት መቶ ቲኬት ላይ ሲደርስ አንድ ፈረስ መቅደሙም መቀደሙም ፐርሰንቱን ከ3 በታች ነው የሚያነቃንቀው፣ ያኔ ቁጥሩ ስለ እሱ የሆነ ነገር ይናገራል።

ሁለተኛ ነገር አለ፣ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የወረቀት ቲኬት ኦዱን አይነካውም፣ እውነተኛ ገንዘብ ግን ይነካዋል። ቋቱ ውስጥ 20,000 ዶላር አለ እንበል፣ ከዚያ ውስጥ 2,000 ባለቤትሽ በሚወደው ፈረስ ላይ ነው። ሜዳው 18 በመቶ ሲያነሳ 16,400 ይቀራል፣ ፈረሱ ካሸነፈ ለ2 ዶላር 16.40 ይከፍላል። አሁን ባለቤትሽ 500 ዶላር ጨመረበት። ቋቱ 20,500 ሆነ፣ በፈረሱ ላይ ያለው 2,500። ሜዳው ድርሻውን ካነሳ በኋላ ለ2 ዶላር የሚደርሰው 13.40 ገደማ ነው። ሦስት ዶላር ወረደ፣ ያወረደውም የራሱ ገንዘብ ነው። በደብተር ላይ 20 በመቶ የሚያሳይ ዘዴ፣ ፈረሶቹ ምንም ሳይለወጡ፣ ገንዘቡ ሲበዛ ብቻ ወደ ኪሳራ ሊገባ ይችላል።

ባንክን ማንሳቱም ልክ አይደለም። የባንክ ወለድ በዓመት ነው፣ የእሱ 20 በመቶ በቲኬት ነው፤ ባንክ ያስቀመጥሽው ዋናው ገንዘብ ደግሞ ተበላ አይባልም። 5,000 ዶላሩ የሁለታችሁ ነው፣ ስለዚህ «እንቢ» ማለት መብትሽ እንደሆነ በግልጽ ልንገርሽ። ይህን ገጽ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያም ደብተሩን ዝጋ ሳይሆን ሙላ በይው፣ ጨዋታውን የሚወድ ሰው ይህን እንደ ክልከላ አያየውም።

ጥያቄ፦ «ለንደን ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 68 ነው። የድሮ የሥራ ባልደረቦች በየዓመቱ ግራንድ ናሽናል ለሚባለው የፈረስ ሩጫ አንድ ቤት ተሰብስበን በወረቀት እንወዳደራለን፣ አር.ኦ.አይ. እናሰላለን። አንዳንዱ ጠዋት ያየውን ኦድ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሩጫው ሊጀመር ሲል ያለውን። ደግሞ ኢች ዌይ የሚቆርጡ አሉ። የትኛው ነው ልክ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉበት አገር ከአሜሪካ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ አወራራጁ ድርጅት ጠዋት የሰጠዎትን ኦድ መቀበል ይችላሉ፣ ከተቀበሉት በኋላ ለእርስዎ አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱም እውነተኛ ኦድ ናቸው። በአንድ ፉክክር ውስጥ ግን ሁለቱን መቀላቀል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1967 ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈውን ፎይናቮንን ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ አጥር ላይ ፈረሶች ተደራርበው ሲቆሙ እሱ ከኋላ መጥቶ ብቻውን ያለፈው። የመነሻ ኦዱ 100 ለ1 ነበር፣ በቶት (ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ በሚገባበት ውርርድ) በኩል የቆረጠ ሰው ግን 444 ለ1 ነው የተከፈለው። ያው ፈረስ፣ ያው ሩጫ ነው፣ ክፍያው ግን ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያል። ለሁሉም ሩጫው ሲጀመር ያለውን የመነሻ ኦድ ያድርጉት። በማግስቱ ማንም ሊያረጋግጠው የሚችለው እሱን ነው፣ ጠዋት ማን ምን እንዳየ አይጨቃጨቁም።

ኢች ዌይን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መደቡን በማሳነስ ነው። 1 ፓውንድ ኢች ዌይ ማለት 2 ፓውንድ ነው፤ አንዱ ለአንደኛ፣ አንዱ ለደረጃ፣ ማለትም ፈረሱ ከፊተኞቹ ጥቂቶች መካከል ከገባ የሚከፈል። 20 ለ1 የተሰጠው ፈረስ ሦስተኛ ወጣ እንበል። የአንደኛው ፓውንድ ተበላ። ለደረጃ የሚከፈለው የኦዱ ሩብ ከሆነ 5 ለ1 ነው፣ ከመደቡ ጋር 6 ፓውንድ ይመለሳል። 2 አውጥቶ 6 ስላገኘ ትርፉ 200 በመቶ ነው። መደቡን 1 ፓውንድ ብሎ የጻፈ ሰው 500 በመቶ ይላል፣ ቤቱን ሁሉ ያለ አግባብ ይበልጣል። አንድ ሩጫ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚሮጡት ቢበዛ 34 ፈረሶች ስለሆኑ እያንዳንዳችሁ አራት አራት ፈረስ፣ እኩል መደብ፣ ብታደርጉት ይሻላል። ሁለት ፈረሶች እኩል ገብተው አንደኝነቱን ከተካፈሉ መደቡን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ በሙሉ ኦዱ ይታሰባል፣ ግማሹ እንደተበላ ይቆጠራል።